ላቡን የነጠቅነው ልጅ

አየለ፣ ልጃችንን ዘሪሁንን ለዚህ ያበቃኸው አንተ ነህ። ደምሴም አለበት፣ እኔም አለሁበት፤ ግን ከማንም ስም በፊት ያንተ ስም ይጻፍ።

ከተለየኸን ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። እንዴት ሰነበትክ ማለት ወግ ስለሆነ ብያለሁ። እኛ እንዴት እንደሰነበትን አንተ አትጠይቅም፤ ስለዚህ ሳትጠይቅ እነግርሃለሁ። በሕይወት ሳለህ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «አንቱ» ስልህ ኖሬያለሁ። አሁን አንተ ስልህ ቅር አይበልህ። ቅር ቢልህም የምትነግረኝ መንገድ የለህም።

ይህን ማንም አልጻፈልኝም፤ የራሴ እጅ ነው። መሠረተ ትምህርት የጀመርኩ ሰሞን ደብተሬን በነጠላዬ ሸፍኜ ስወጣ በር ላይ ቆመህ «ምን ልትሆኚ ነው በላይነሽ? የወደቡን መርከብ እየፈረምሽ ልታስገቢ ነው?» ብለህ የመደዳውን ጎረቤት በሙሉ አስቀህብኛል። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ። ፊደሌ ዛሬም መስመር ይስታል። ግን አንተን ለመውቀስ አላነሰኝም።

መጀመሪያ የቤት ወሬ ልንገርህ። ቤቱን አልለቀቅንም። አርባህ ሳይወጣ በነዳጅ ማጣሪያው እንግዳ ማረፊያ አንሶላ አጣቢ አድርገው ቀጠሩኝ፤ ቤቱ ለሠራተኛ ስለሚሰጥ እዚያው ቆየን። ሁለቱን ቱታዎችህን ተርትሬ የዘሪሁንን ፍራሽ ለበጥኩባቸው። የዘይቱ ሽታ በሦስት እጥበት አልለቀቀም፤ ልጁ ግን አፍንጫውን እዚያ ላይ ቀብሮ ይተኛል። ሬዲዮህ ከመጋቢት ጀምሮ ዝም ብሏል። የውሃው በርሜል ታቹ ዝጎ ስለተበሳ አዲስ አስመጥቻለሁ። አልጋህ እንዳለ አለ። ማንም አይተኛበትም፤ ልብስ እዘረጋበታለሁ።

ዘሪሁን አሥራ አንድ ዓመት ሞላው። ቁመቱ ትከሻዬን አልፏል። አፉ ግን አያርፍም። ምንም ሳይኖርበት ያኝካል፣ ምላሱ ወጣ ገባ ይላል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል። የሚያቆመው ሲተኛ ብቻ ነው። የሰፈር ልጆች «ጫት ቃሚው መጣ» ይሉታል። አንተ የዚህን መጀመሪያ ነው ያየኸው፤ «ማስቲካ የሰጠው ማነው?» ብለህ አፉን ከፍተህ ፈተሽክ። ቀሪውን ሳታይ ሄድክ። ዕድለኛ ነህ።

ይህን ወረቀት ሌላ ሰው ያነበው እንደሆነ እንዲገባው የመደዳችንን ሕግ ልጻፍ። አሥር በር በአንድ ግድግዳ ተያይዟል። ማጣሪያው ቀንም ሌሊትም ስለማያርፍ ወንዶቹ በሦስት ሽፍት ይገባሉ ይወጣሉ፤ ስለዚህ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች ሁልጊዜ አንዱ ቤት ውስጥ የሚተኛ ወንድ አለ። ሚስቱ የበሩ እጀታ ላይ ቁራጭ ጨርቅ ታስራለች። ጨርቅ ያለበት በር አጠገብ ባልዲ አይወረወርም፣ በርበሬ አይወቀጥም፣ ልጅ አይገረፍም። የሁለት ዓመት ሕፃን እንኳ ጨርቁን አይቶ በእግር ጣቶቹ ጫፍ ያልፋል። ዘሪሁን ግን ጨርቅ ምን እንደሚል አያውቅም ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ሞልቶት አንድም ቀን «እማዬ» አላለኝም። ዓይኔን አያይም። የበርሜሉን ሆድ በመዳፉ መትቶ ጆሮውን ይለጥፍበታል፣ ድምፁ እስኪጠፋ ያዳምጣል፣ ደግሞ ይመታል። የማጣሪያው ሳይረን ከመጮሁ በፊት ቀድሞ ያውቅና እንደ ሳይረኑ ይጮኻል። ነፋስ አሸዋ ይዞ ሲነሳ ደስ ይለዋል፤ ያኔም ይጮኻል። ደግሞ ክንዱን ይልስ ነበር። አሰብ የሰውን ላብ አድርቃ ጨዉን ቆዳ ላይ ትተዋለች፤ እሱም ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ከክርኑ እስከ አንጓው ይልሳል። «እንደ ፍየል» እያልክ እጁን ትመታው ነበር። ከሥራ የሚሰጡህን የጨው ክኒን ለሁለት ሰብረህ ምላሱ ላይ የምታስቀምጥለትም አንተው ነበርክ። ይህን አልክድህም።

ጎረቤታችን አስካለ፣ የክሬን ሠራተኛው ሚስት፣ አንድ ቀን በራችን ላይ ቆማ «ጋሼ አየለ፣ ባሌ ክሬን ላይ እንቅልፍ ጥሎት ሰው ላይ ዕቃ ቢለቅ የሚጠየቀው ማነው? እሱ ነው ወይስ የእርስዎ ልጅ?» አለችህ። ክፋት አልነበረባትም፤ እውነቷን ነበር። አንተም ከሌሊት ሽፍት ስትመጣ ዓይንህ ደም ለብሶ፣ ትራስ በጆሮህ ላይ ደርበህ፣ ግድግዳውን በተረከዝህ ትመታ ነበር። ልጁን ይዤ በፀሐይ ወደ ባሕሩ ዳር የወጣሁባቸውን ቀኖች ቁጥር አላውቀውም። ስንመለስ የሁለታችንም ከንፈር ተሰንጥቆ ይደማል።

ያን ጊዜ ነው ጓደኛህ ደምሴ የመጣው። የመድኃኒት መጋዘን ውስጥ ይሠራ ስለነበር ራሱን እንደ ሐኪም ይቆጥራል። ክኒኖቹን በጋዜጣ ጠቅልሎ ከኪሱ አወጣና «አእምሮው የተነካ ወታደር፣ አምስት ሰው የማይችለው፣ በዚህ እንደ በግ ይተኛል። ልጅማ እንዴት አይተኛ?» አለ። ማታ ማታ ግማሽ ስጡት፣ ለማንም አታውሩ፣ ከእኔ እጅ መውጣቱ ከታወቀ እታሰራለሁ ብሎ ቃል አስገባን። አንተ ግንባሩን ሳምከው። እኔ ሻይ አቀረብኩለት።

በመጀመሪያው ሳምንት ተኛ። ረፋድ ድረስ ይተኛል፣ ተነስቶ ይበላል፣ መልሶ ይተኛል። ትራሱ በለሃጭ ይርሳል። በርሜሉን ረሳው። አስካለ ስኳር በሰሃን ይዛ መጣችና «እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ መደዳው ቤተ ክርስቲያን ሆነ» አለችኝ። አንተ ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊትህ ተፈትቶ ቁርስ በላህ። እኔም ደስ አለኝ። ልጄ ሐውልት መስሎ ተቀምጦ እኔ ደስ አለኝ።

በሁለተኛው ሳምንት አንገቱ ወደ ግራ ተጠምዞ ቀረ። ዓይኑ ወደ ጣሪያው ተገለበጠ፣ ምላሱ ወጥቶ አልገባ አለ። ሴቶቹ ተሰብስበው ጋኔን ለከፈው አሉ፤ አንዷ ክብሪት ለኩሳ አፍንጫው ሥር አጨሰችለት። እኔ ጭንቅላቱን ወደ ቀኝ ልመልስ ብታገል እንደ ብረት እምቢ አለኝ። ልጁ ሕመሙን የሚናገርበት አፍ የለውም፤ እንባው ብቻ ወደ ጆሮው ይወርዳል። ደምሴ በሩጫ መጥቶ መርፌ ወጋውና ከጥቂት ቆይታ በኋላ አንገቱ ተፈታ። «አያችሁ? የሚለቅ ነገር ነው» ብሎ እጁን ታጠበ። አንተም «አየሽ?» አልከኝ፣ ያስተማርከኝ ይመስል።

ቀጥሎ መቀመጥ አቃተው። ከበሩ እስከ በርሜሉ፣ ከበርሜሉ እስከ በሩ። ሲበላ ቆሞ ነው፤ እግሩን እያፈራረቀ ያነሳል፣ የጋለ ምጣድ ላይ የቆመ ይመስል። ትከሻውን ይዤ ላስቀምጠው ስል ሰውነቱ ውስጥ አንድ ነገር ይነዝራል። ውስጥ እግሩ ተላጠ። የሲሚንቶው ወለል ላይ የደም ዱካ ጠርጌያለሁ። ይህን ሁሉ አይተህ ያልከው «በሽታው እየባሰበት ነው» ነበር። ሃያ ዓመት ቦይለር ላይ የቆምክ ሰው ነህ። ግፊቱ አልወርድ ካለ ቫልቩን ጨምረህ ትከፍታለህ፤ ከዚያ ሌላ የምታውቀው ጥበብ የለም። ግማሿን ክኒን አንድ አደረግካት። አንዷን ጠዋትና ማታ አደረግካት። ባሰበት፤ ጨመርክለት። ደምሴን አልጠየቅከውም፤ ደምሴም ብትጠይቀው የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

አሁን ወደ ላቡ ልምጣ።

አሰብ የወረደ ደገኛ ሁሉ የሚጠብቀው ቀን አለ። በመጀመሪያው የሙቀት ወቅት ሸሚዙ በቀን ሦስት ጊዜ ይጨመቃል፣ ገላው ሽፍ ይላል፣ ልጆቹ ይከሳሉ። ከዚያ ቀስ በቀስ ላቡ ይቀንሳል ይባላል፤ «አሰብ ለመደችው» ብለው እንኳን ደስ ያለህ ይሉታል። እኛ መደዳ ውስጥ ማን ለመደ፣ ማን አልለመደም የሚለው ወሬ እንደ ሹመት ነው። ስለዚህ በዚያ ግንቦት የዘሪሁን ሸሚዝ መድረቁን ሳይ የጠረጠርኩት ነገር የለም። ክንዱን አንስቶ ይልሳል፣ ያቆማል፣ ክንዱን ያየዋል፣ ሌላውን ክንድ ይልሳል። ምንም የለውም። ጥቂት ቀን ሞከረና ተወው። «ይኸው ጨዋ ሆነ፣ መላስም ተወ» አልክ። እኔም አዎን አልኩ።

በሰኔ ሠራተኞች ክበብ ይዘኸው ሄድክ። እኔ አልነበርኩም፤ የአስካለ ባል ነው የነገረኝ። ልጁን ጠረጴዛ ላይ አቁመህ «የእኔ ልጅ ከሁላችሁ ቀድሞ የአሰብ ሰው ሆነ! ንኩት፣ ጀርባውን ንኩት፣ ዱቄት ነው!» ስትል ሰዎቹ ተራ በተራ እጃቸውን በሸሚዙ ውስጥ ሰደው ነኩት። ሁሉንም ለስላሳ ጋበዝክ። ቤት ስትገባ ፊትህ ያበራ ነበር። ሌሎቹ አባቶች ልጄ ክፍል አለፈ፣ ልጄ አንደኛ ወጣ ሲሉ ዘጠኝ ዓመት አንገትህን ደፍተህ ሰምተሃል፤ ያን ቀን አንተም የምትናገረው አገኘህ። ስለ እሱ ስትኩራራ ያየሁህ ያን ቀን ብቻ ነው። ያኮራህም መርዙ ነበር።

አንድ ሰው ግን ነግሮን ነበር። ፋጡማን ታስታውሳለህ፣ ከዓሣ አጥማጆቹ መንደር ከበይሉል በጭነት መኪና እየመጣች ግድግዳችን ጥላ ሥር የዘንባባ ምንጣፍ እየሠራች የምትሸጠዋን። ዘሪሁን የሚቀርበው ሰው እሷ ብቻ ነበረች፤ የምትጎነጉነውን ቅጠል ያያል፣ እሷም አታናግረውም። አንድ ቀን ግንባሩን ነክታ እጇን እንደተቃጠለ ሰው መለሰችና በተሰባበረ አማርኛዋ «እናቴ፣ ይሄ ልጅ ጥሩ የለም» አለችኝ። አሰብ ለምዶ ነው አልኳት። ሳቀችብኝ። «እኔ እዚህ ተወለድኩ። አባቴ እዚህ ተወለደ። እኔ ላብ አለኝ፣ አባቴ ላብ ነበረው። ላብ የሌለው ሬሳ ነው» አለችኝ። ስነግርህ «ደግሞ ምንጣፍ ሻጭ ሐኪም ሆነች?» አልክ። እኔም ሳህኔን ማጠብ ቀጠልኩ።

በሐምሌ፣ በእሑድ ቀን፣ ሽፍት አልነበረህም። የአሸዋው ነፋስ ከጠዋት ጀምሮ ይነፍሳል፤ ውሻ እንኳ ከግድግዳ ሥር አልወጣም። አንተ ግን መርከብ ላሳየው ብለህ እጁን ይዘህ ወጣህ። ፀሐይ አትጎዳውም፣ ለምዷል አልክ። ደስ ብሎህ ነበር። በኋላ እንደነገርከኝ ወደቡ ድረስ ስታወራለት ሄድክ፤ ይቺ የእህል መርከብ ናት፣ ያቺ የነዳጅ ናት እያልክ። ስትመለሱ በጨው ማምረቻው መንገድ ላይ እግሩ ተሳሰረ። ደከመው ብለህ በትከሻህ ተሸከምከው። ሲንቀጠቀጥ ነው ያወቅከው። አንድ ታክሲ አግኝተህ ቤት ድረስ መጥተህ ጠራኸኝ፤ ጭኔ ላይ ሳስተኛው በቀሚሴ ላይ እንደ ጋለ ላሜራ ፈጀኝ። አንዲት ጠብታ ላብ አልነበረበትም። አንተ በላብ ተጠምቀሃል፣ እኔ ተጠምቄያለሁ፣ ሾፌሩ ተጠምቋል፤ እሱ እንደ ደረቅ ቅጠል።

ሐኪም ቤት በር ላይ ከጭኔ ነጥቀህ በትከሻህ ተሸክመኸው ሮጥክ። ከዓሣ ማቀዝቀዣው በረዶ በጆንያ አስመጥተው ብብቱና ጭኑ ውስጥ ከተቱለት። ወጣቱ ሐኪም ጎንበስ ብሎ ዓይኑን ገለጠና ቀና ሳይል «የሚወስደው መድኃኒት አለ?» ብሎ ጠየቀህ።

«ምንም የለም» አልክ።

እንደገና ጠየቀህ። «ለራስ ምታት፣ ለእንቅልፍ፣ ለምንም?» አለ። «ምንም አይወስድም ጌታዬ» አልክ። ያኔ ወደ እኔ ዞረ። «እናትየው፣ አንቺስ?» አለ። አንተ አላየኸኝም፤ መሬት መሬት ነበር የምታየው። እኔ ግን አንተን አየሁ። «እሳቸው እንዳሉት ነው» አልኩ።

አየለ፣ ደምሴ እንዳይታሰር ብለህ መሆኑን አውቃለሁ። የአንድ አገር ልጆች ናችሁ፣ በአንድ መኪና ነው አሰብ የወረዳችሁት። አንድ የመንግሥት ክኒን ጠፋ ተብሎ ሰው የት እንደሚገባ የማናውቅ አልነበርንም። ግን ሦስት ቀን ሙሉ ወባ ነው፣ ማጅራት ገትር ነው እያሉ ወገቡን በመርፌ ሲወጉት አጠገቡ ቆመህ ነበር። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። እኔ ለምን አልተናገርኩም ብትለኝ፣ ባል ከተናገረ በኋላ ሚስት የምትናገር መሆኗን ማንም አስተምሮኝ አያውቅም። ይህን የምለው ሸክሙን ላካፍልህ አይደለም። የእኔን እኔ ተሸክሜዋለሁ፤ ያንተን ጥለህ ስለሄድክ ነው።

በአራተኛው ቀን ወደ ቤት አመጣነው። እግሩ እንደ ሰካራም ይሳሳትበታል፣ ኩባያ ከእጁ ይወድቃል። እንደ ሳይረኑ መጮኹ ጠፍቷል። በአምስተኛው ጠዋት አንተ ክኒኗን በውሃ አሟሟህ። ደነገጥኩና እጅህን ያዝኩ። «ታዲያ መደዳውን ምን ልበለው?» አልከኝ። እጅህን ለቀቅኩ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየህም። ከሌሊት ሽፍት ገብተህ፣ ጨርቁን እጀታው ላይ አስሬ፣ ተኛህ። አሥር ሰዓት ድረስ አልቀሰቀስኩህም። መደዳው ያን ቀን ጭር ያለ ነበር፤ ልጅህም ጸጥ ብሎ ነበር። ልብ ነው አሉ። ማንም ሳይረብሽህ፣ ሙሉ እንቅልፍህን አግኝተህ ሄድክ። ለቅሶው ላይ «ለልጁ የኖረ ሰው» እያሉ ሲያሞግሱህ እኔም ደረቴን እየመታሁ «ልጅህን ለማን ጥለህ» አልኩ። ውሸቴን አልነበረም። አሁንም ውሸቴን አይደለም። ቱታህን ስተረትር ኪሱ ውስጥ ግማሽ የጨው ክኒን አግኝቼ ለረጅም ጊዜ በእጄ ይዤ ተቀምጫለሁ።

አንተ ከሄድክ በኋላ ልጁን ወደ አንድ የውጭ አገር ሐኪም ወሰድኩት። ነርሷ እየተረጎመችልኝ ሁሉንም ነገርኩት፤ ግማሿን፣ ሙሉዋን፣ ጠዋትና ማታውን፣ አንገቱን፣ ላቡን። የደምሴን ስም ብቻ አልጠራሁም። ሐኪሙ አልጮኸብኝም፤ ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። መድኃኒቱ አእምሮአቸው ለታወከ ትልልቅ ሰዎች የተሠራ ነው አለ። እንደ ዘሪሁን ላለ ልጅም አንዳንዴ ይታዘዛል፣ ግን በጣም ጥቂት፣ ልጁ እየተመዘነ፣ እየታየ። አንገቱን የጠመዘዘው መድኃኒቱ ነው። መቀመጥ ያሳጣውም መድኃኒቱ ነው፤ እናንተ በሽታ መስሏችሁ ያንኑ ጨመራችሁበት። ላቡንም የከለከለው እሱ ነው። «ሰውነቱ የሚቀዘቅዝበትን በር ዘግታችሁ ፀሐይ ላይ አወጣችሁት ይላል» አለችኝ ነርሷ፣ እሷም ዓይኔን ሳታይ። የልጁ ነገር በሌላ አገርም አለ፣ ስሙ ኦቲዝም ነው፣ ዕብደት አይደለም፣ ክኒኑም ሊያድነው አይችልም አለ። ስለ አፉ ስጠይቀው ትከሻውን ሰበቀ። ሊተወው ይችላል፣ ዕድሜ ልኩንም አብሮት ሊኖር ይችላል አለ።

ወደ ቤት ስመለስ የምጮኽበት ሰው ፈለግሁ። ሞተሃል።

ክኒኑን በአንድ ቀን አታቁሚ ስላለኝ በየአሥራ አምስት ቀኑ በምላጭ እየከፈልኩ ቀነስኩለት። አፉ በመጀመሪያ ባሰበት። ከዚያ እንቅልፍ አጣ፣ ግድግዳ ቧጠጠ፣ እኔንም ነከሰኝ። ጨረስነው። በሚያዝያ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ፋጡማ ከሩቅ በእጇ ጠራችኝና የላይኛ ከንፈሩን አሳየችኝ። ረጥቧል። ጣቴን አስነካሁት፣ ቀመስኩት። ጨው ነው። እኔና እሷ አንድ የረባ ቋንቋ ሳይኖረን አብረን አለቀስን። ክንዱን ግን አልላሰም። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት፣ የእኔን ክንድ አቀረብኩለት። ረስቶታል።

ድምፁ ግን ተመልሷል። መልሶ በርሜሉን ይመታል፣ ይጮኻል። አስካለ መጣች፤ ስኳር ይዛ። «እትዬ በላይነሽ፣ በግድግዳው ሰምቼ አውቃለሁ፤ ያንን ነገር ለዛሬ ብቻ ይስጡት። ባሌ ትናንት ለጥቂት ሰው ሊገድል ነበር» አለችኝና አለቀሰች። እውነቷን እንደሆነ አየሁ። «ክኒኑን ለባልሽ ስጪው፣ ደህና አድርጎ ያስተኛዋል» አልኳት። ስኳሩን እንደያዘች ሄደች።

ከሦስት ቀን በኋላ ራሱ ደምሴ መጣ፣ በእኩለ ቀን፣ ከድሮ የተረፈውን ክኒን በጋዜጣ ጠቅልሎ። ሸብቷል። «ለአየለ ነፍስ ብዬ ነው። መደዳው ሊያስወጣሽ እየመከረ ነው እትዬ፣ እኔ ሰምቻለሁ» አለ። ጥቅሉን ፈታሁና ሁለት አውጥቼ በመዳፌ ዘረጋሁለት። «እንካ፣ ዋጣቸው። ከዚያ በዚህ ፀሐይ በእግርህ ጨው ማምረቻው ደርሰህ ተመለስ። ላብህን አይቼ ለልጄ እሰጠዋለሁ» አልኩት። የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። እጄን አላጠፍኩም። ሳቁን አቆመና «እኔ እኮ ለአየለ ብዬ ነው ያን ጊዜም» አለ።

«አየለም ላንተ ብሎ ነው» አልኩት። ሐኪሙ ምን እንደጠየቀ፣ አንተ ምን እንዳልክ ነገርኩት። አያውቅም ነበር። አንተ ለእሱ እንኳ አልነገርከውም፤ ውለታህን ሳትቆጥርበት ይዘኸው ሄድክ። ደምሴ ግድግዳውን ይዞ ቆመና ዘሪሁንን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየው፣ አፉን፣ ምላሱን፣ የሚንቀጠቀጡ ጣቶቹን። አላባበልኩትም። ይዞት የመጣውን ጥቅል መጸዳጃ ቤት ጨመርኩት።

መደዳው በእውነት ከሶኛል። ሰኞ ቀበሌ ተጠርቻለሁ። ወይ ልጁን ጸጥ ታደርጊያለሽ ወይ ቤቱን ትለቂያለሽ እንደሚሉኝ የክሱን ወረቀት ራሴ አንብቤ አውቄዋለሁ። ዘጠኝ ቤት ፈርሟል። ሁሉንም ፊርማ አውቃቸዋለሁ፤ ግማሾቹ አጠገቤ ተቀምጠው ነው ፊደል የቆጠሩት። ቤቱ ከተወሰደ የት እገባለሁ? ሥራዬ ከተማ ውስጥ ስለሆነ ርቄ መኖር አልችልም፣ የከተማ ኪራይም አልችልም። ፋጡማ በይሉል ነይ ትላለች፤ እዚያ ምን እሠራለሁ፣ ዓሣ ማጥመድ አላውቅም። እፈራለሁ አየለ። ሰኞን እንደምፈራ አንተን እንኳ ፈርቼህ አላውቅም። ግን የምላቸውን አውቄዋለሁ። መድኃኒት ይወስድ ነበር፣ አባቱ ሰጥቶታል፣ እኔ ሰጥቼዋለሁ፣ ሐኪም ሲጠይቀን ዋሽተናል እላለሁ። ደምሴ ከመጋዘኑ ከወጣ ቆይቷልና ስሙን ቢጠይቁኝ እሱንም እላለሁ። ከፈለገ ይጣላኝ። ያንተንም ስም በሙሉ ከነአባትህ እጠራለሁ፤ እዚያ ያሉት ለቅሶህ ላይ ያሞገሱህ ሰዎች ናቸው፣ ይስሙ።

አትጠራጠር፣ አስታውስሃለሁ። በትከሻህ ተሸክመኸው ስትሮጥ አስታውስሃለሁ፣ መሬት መሬት ስታይም አስታውስሃለሁ። ሁለቱን መለየት አልችልም፤ አንዱን ላስቀር ስል ሌላው ይከተላል። ስምህን ለልጅህ በየቀኑ እነግረዋለሁ፣ አባትህ አየለ ይባል ነበር እላለሁ፤ ይስማ አይስማ አላውቅም።

ከእንግዲህ ግን ለማንም ሰው እንቅልፍ ብዬ ልጄን ዝም አላሰኝም።